ለውጭ በርና መስኮት ጠቆር ያለ ቅብ ስትመርጡ፦ ከመልኩ በፊት እድሳቱን አስቡ

የቤቴ የውጭ በር ዋንዛ ነው፤ ፊቱ ወደ ምዕራብ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጠቆር እንዲል ፈለግሁ። በደንብ የተቆላ ቡና ዓይነት። ቀቢው ልጅ «ፋዘር፣ እንደ መስታወት ነው የማደርግልዎት» አለኝ። አልዋሸም። ለጥቂት ወራት እንግዳ ሁሉ በሩ ላይ ፀጉሩን እያስተካከለ ነበር የሚያንኳኳው። ክረምቱ መጣና ሄደ። የካቲት ላይ የበሩ ታችኛው ክፍል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳ ጀመር። ጫፉን በጥፍሬ ይዤ ሳብ ባደርገው የመዳፌን ያህል ቁራጭ ሳይበጠስ መጣልኝ። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጌ አየሁት። ያ ሁሉ ቡናማ ያለው ልጣጩ ውስጥ ነው። እንጨቱ ላይ የቀረው አመድ የመሰለ ግራጫ ብቻ።

በሩን እስከ እንጨቱ ድረስ ፍቆ እንደገና መጀመር አራት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ስለዚህ አሁን አንድ ሰው «ለውጭ በር የሚሆን ጠቆር ያለ ቅብ የቱ ነው?» ሲለኝ፣ መልሼ የምጠይቀው «ሲያረጅ እንዴት ልታድሰው አስበሃል?» ብዬ ነው። ማርጀቱ አይቀርማ። በላዩ ላይ እየተደረበ የሚታደስ ቅብ አለ። ሲበላሽ ተልጦ ከዜሮ የሚጀመርም አለ። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነታቸው አይታይም። ከታች ያለው እኔ የምሄድበት ቅደም ተከተል ነው፤ ለበር፣ ለመስኮት፣ ለበረንዳ መደገፊያ፣ ለግቢ አግዳሚ ወንበርም ይሠራል።

1. መጀመሪያ ፀሐይዋን ተከታተሉ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከውጭ በመጣ ቆርቆሮ ላይ «ይህን ያህል ዓመት ይቆያል» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ፣ የጻፈው ሰው የእኛን ፀሐይ አያውቃትም ብላችሁ ቀንሱለት።

አቅጣጫው ብዙ ነገር ይወስናል። በበጋው ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ስለምትዞር፣ ወደ ደቡብ የሚያይ በር ቀኑን ሙሉ ይጠበሳል። የምዕራቡ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ተራው ይደርሰዋል። ያኔ ፀሐይ ዝቅ ስለምትል የጣሪያው ክፈፍ አያድነውም፤ ፊት ለፊት ነው የምትመታው። ሰሜን ያለው ፀሐይ የሚያገኘው በአብዛኛው በክረምት ነው። ያኔ ደግሞ ደመናው ይጋርደዋል።

ጠመኔ ያዙና በ3 ሰዓት፣ በ6 ሰዓትና በ10 ሰዓት በሩ ላይ የጥላው ጠርዝ የደረሰበትን አስምሩ። ዝናብ ሲዘንብም ከመሬት የሚፈናጠረው ጭቃ እስከ የት እንደሚደርስ እዩ። የእኔ በር ላይ ከደፉ እስከ ጉልበቴ ድረስ ነው። የተላጠውም ከዚያ መሥመር በታች ነበር።

ይህን የምታደርጉት የጥቁረቱን ልክ ለመወሰን ነው። ጥቁር ነገር ሙቀት ይስባል። በጋ ላይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የመታትን ጥቁር መኪና የነካ ሰው ያውቀዋል። እንጨት ሲሞቅ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል። በሩ ባለ መሃል ሰሌዳ ከሆነ፣ ሰሌዳው ሲጠብ ከፍሬሙ ሥር ያልተቀባ ነጭ መሥመር ብቅ ይላል። በጥቁር በር ላይ ያ መሥመር እንደ ጥርስ ነው የሚያበራው። ስለዚህ ለደቡብና ለምዕራብ ከጥቁር ይልቅ ጠቆር ያለ ቡናማ ይበቃል። ሰሜን ላይ ወይም ጥልቅ በረንዳ ሥር ያለ ከሆነ የፈለጋችሁትን ያህል አጥቁሩት።

2. እንጨታችሁ ምንድን ነው?

ዋንዛ ቅብ በደንብ ይቀበላል፣ አይረብሽም፤ ውድ መሆኑ ነው እንጂ። ወይራ ጠጣር ስለሆነ ዘይት ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ቅቡ ስስ መሆን አለበት። ጥድ ያ ደስ የሚል ሽታው የሚመጣው ከራሱ ዘይት ነው። ያ ዘይት ቅቡ ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል። ከመቀባታችሁ በፊት በቲነር በረጠበ ጨርቅ ጠርጉት። ባህር ዛፍ ደግሞ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። በሩ ባህር ዛፍ ከሆነ እንጨቱን ለማሳየት መድከም አያስፈልግም ባይ ነኝ። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ግን በሁሉም ላይ ተመልከቱ። የግንዱ ዳር ነጣ ያለው ክፍልና የውስጡ ጠቆር ያለው ልብ አንድ ሰሌዳ ላይ ተቀላቅለው ከሆነ፣ አንድ ዓይነት ቅብ ሁለት ዓይነት መልክ ይሰጣል። ነጩ ክፍል ብልና ብስባሴም ቶሎ ያገኘዋል። በሩን ገና ልታሠሩ ከሆነ አናጢውን ነጩን እንዲያስወግደው ንገሩት። ከተሠራ በኋላ ብትነግሩት ይስቅባችኋል።

እንጨቱ መድረቁንም አረጋግጡ። መዳፍ የሚያህል ጥርት ያለ ላስቲክ አራቱንም ጎኑን በፕላስተር ለጥፋችሁ ፀሐይ ላይ አንድ ቀን አውሉት። ላስቲኩ ከውስጥ ካላበው እንጨቱ ገና ነው። እርጥብ እንጨት ላይ የተቀባ ማንኛውም ነገር ይነሳል።

3. የቅቡን ዓይነት መምረጥ

ዋናው ውሳኔ እዚህ ነው፤ ቀስ ብለን እንሂድ።

በመጀመሪያ የማይሆነውን እናውጣ። የቤት ዕቃ የሚሠሩ ወርክሾፖች በኮምፕሬሰር የሚረጩት ሲለርና ላከር ለሳሎን ዕቃ የተሠራ ነው። ቶሎ ይደርቃል፣ ያምራል፣ ሲዳሰስ ይለሰልሳል። ውጭ ሲወጣ ግን እንጨቱ ሲነፋና ሲሸማቀቅ አብሮት መለጠጥ አይችልም። ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። በር ስታዙ «ከነቅቡ ነው የምናስረክበው» ካሏችሁ፣ ሳይቀባ አምጡልኝ በሉ። ዋጋውም ይቀንሳል።

ቫርኒሽ ከዚህ ይሻላል፤ ለውጭ ተብሎ የተሠራ ከሆነ። ችግሩ አረጃጀቱ ነው። ግልጽ ቫርኒሽ የፀሐይን ጨረር ያሳልፋል። ጨረሩ የእንጨቱን ላይኛ ፊት አያይዞ የያዘውን ሊግኒን የሚባለውን ነገር ይሰባብረዋል። ቫርኒሹ ራሱ ገና ደህና ሆኖ ሳለ፣ የተጣበቀበት ፊት ዱቄት ይሆንበታል። በአሸዋ ላይ የተለጠፈ ፕላስተር ማለት ነው። እጄ ላይ የመጣው ልጣጭ ታሪኩ ይኸው ነበር። በላዩ ሌላ ቫርኒሽ ብትደርቡበት ልጣጩን ነው የምታወፍሩት።

የተቃጠለ የሞተር ዘይትስ? ብዙ ግቢ ውስጥ ለአጥር ቋሚ ይቀቡታል፤ ምስጥ ይከላከላል ይባላል። ያጠቁራል፤ በነፃም ይገኛል። ግን አይደርቅም። በሩን የነካ ሁሉ ልብሱን ይዞ ይሄዳል። ውስጡ ከሞተሩ የወጣ ብረትና ሌላ ቆሻሻ አለበት፤ ልጆች የሚነኩት ቦታ ላይ አይሆንም። ከሁሉም የሚያናድደው፣ አንዴ ከጠጣው በኋላ እንጨቱ ሌላ ቅብ አይቀበልም።

ቅጥራን ጥሩ ጥቁር ነው። ኖርዌይ ውስጥ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆሙ የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ፓይን ከሚባለው ዛፍ በሚወጣ ቅጥራን እየተቀቡ ነው እዚህ የደረሱት። እየተቀቡ የሚለውን ልብ በሉ። ለእጅ መንኪያ ግን አይመችም፤ ፀሐይ ሲመታው ይለጠፋል።

ተልባ ደጃችን ያለ ነገር ስለሆነ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የተልባ ዘይት ከአየር ጋር ሲገናኝ ይጠነክራል፤ ለዚህ ነው ቅብ መሆን የሚችለው። የምግቡ ተልባ ዘይት ግን እስኪደርቅ ብዙ ቀን ይፈጅበታል። በዚህ መሃል አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ሻጋታ ይመገበዋል። በሩ ይጠቁርላችኋል፤ የፈለጋችሁት ዓይነት ጥቁረት ግን አይደለም።

የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ለውጭ የተሠራ ቀለም ነው። እንጨቱን አያሳይም፤ ከፀሐይ ግን ከሁሉም በላይ ይከላከላል። ለባህር ዛፍ በር፣ ለተጠጋገነ መስኮት፣ ለአሮጌ መቃን ይህን ምረጡ። ጥቁር ቡናማ ቀለም የተቀባ የባህር ዛፍ በር፣ ዋንዛ ለመምሰል ከተዥጎረጎረ የባህር ዛፍ በር የበለጠ ያምራል።

ሁለተኛው የእኔ ምርጫ ነው፦ የቀለም ዱቄት ያለበት፣ እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ የሚገባ ዘይት። (ሰርጎ ገብ የሚለው ቃል በሬዲዮ ሲነገር ያስደነግጣል፤ እንጨት ላይ ግን ደግ ነው።) ላዩ ላይ ልጣጭ አይሠራም። ስለዚህ የሚላጥ ነገር የለውም። ሲያረጅ ይደበዝዛል፣ ይሳሳል። ታጥቡታላችሁ፣ ትደርቡበታላችሁ፣ አለቀ። ቶሎ ቶሎ መታደስ ይፈልጋል፤ ይህ ጉድለቱ ነው። እኔ ግን በዓመት አንድ ጠዋት በየሦስት ዓመቱ ከሚመጣ አራት ቅዳሜ ይሻለኛል።

ምጣድ ሲሟሽ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ጎመን ዘሩ ተደርጎ በጨርቅ ይታሻል፣ ምጣዱ ይጠጣል፣ የተረፈው ይጠረጋል። እንደገና ይደገማል። ጥቁረቱና ልስላሴው የሚመጣው ከድግግሞሹ ነው። አንዴ ዘይት አፍስሶ ምጣድ ያሟሸ የለም።

ሱቅ ስትገቡ ቆርቆሮው ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ። ለውጭ የሚል ጽሑፍ። ዘይት መሆኑንና ሰርጎ የሚገባ መሆኑን። ባለ ቀለም መሆኑን። ግልጹ ለውጭ አይሆንም፤ ሻጩ ቢምልም። የሚያብለጨልጭ፣ ግማሽ የሚያበራና ጭራሽ የማያበራ ካለ ደግሞ ግማሹን ወይም የማያበራውን ውሰዱ። ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ነገር አቧራ፣ የጣት አሻራና ጭረት ሁሉ ያሳያል። የአዲስ አበባ አቧራ ደግሞ ዕረፍት አያውቅም።

4. ጥቁረቱ ከየት ይመጣል?

ማጥቆሪያዎች ሁሉ እኩል አይደሉም። በውሃ ወይም በስፒሪት የሚሟሙት ቀለሞች ሲቀቡ ቁልጭ ያሉ ናቸው፤ ፀሐይ ግን ታጠፋቸዋለች። መጀመሪያ ወደ ቀይ፣ ከዚያ ወደ ምንም። የማይጠፉት የማይሟሙ የቀለም ዱቄቶች ናቸው። በተለይ የብረት ዝገት ዓይነቶቹ ቡናማና ቀይ፣ ከጥላሸት የሚመጣው ደግሞ ጥቁሩ። ጥላሸት ምን ያህል እንደሚቆይ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ነው፤ ከመቶ ዓመታት በኋላም ይነበባል። አንድ ቅብ በየትኛው እንደተቀለመ ለመለየት ቆርቆሮውን ሳታማስሉ አስቀምጡትና ከታች በእንጨት ጫሩት። ወፍራም ዝቃጭ ካለ ዱቄት አለው ማለት ነው። ጥሩ ምልክት ነው።

ሌላ መንገድም አለ፤ በጣም የምወደው ነው። አቼቶ ውስጥ ጥቂት የዛገ ምስማር ወይም የማይዝግ ያልሆነ የብረት ድስት መፈግፈጊያ ጨምሩ። ለአንድ ሳምንት ያህል አቆዩት። ክዳኑን አታጥብቁ፤ ጋዝ ያወጣል። ከዚያ በጨርቅ አጥልላችሁ እንጨት ላይ ቀቡት። ውሃ የሚመስለው ፈሳሽ በደቂቃዎች ውስጥ እንጨቱን ያጠቁረዋል። ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ስለሚዋሐድ ነው። ግራርና ባህር ዛፍ ታኒን አላቸው። ያልጠቆረ እንጨት ካጋጠማችሁ፣ ወፍራም ጥቁር ሻይ አፍልታችሁ መጀመሪያ እሱን ቀቡትና ሲደርቅ አቼቶውን አስከትሉ። እንግዳ መጥቶ ሳለ አንዴ አሳይቼ አስማተኛ ተብያለሁ። ግን ይህ መልክ ብቻ ነው። ውሃም ፀሐይም አይከላከልም። በላዩ ባለ ቀለም ዘይት የግድ ነው።

ይኸው ኬሚስትሪ ሳትፈልጉትም ይመጣል። ተራ ምስማር የተመታበት በር ዝናብ ሲነካው ከምስማሩ ሥር ጥቁር ዕንባ ይወርዳል። ነሐስ ወይም የማይዝግ ብሎን ተጠቀሙ።

ጃፓኖች የእንጨትን ፊት በእሳት አክስለው የቤት ግድግዳ ያለብሳሉ። ደስ ይላል። ቀጫጭን ሰሌዳ ያለው የተገጠመ በር ላይ ግን አትሞክሩት፤ ይጠማዘዛል።

5. ናሙና ሳትሠሩ አትግዙ

ትንሹን ቆርቆሮ ግዙ። ከበሩ እንጨት የተረፈ ቁራጭ ላይ፣ ከሌለም በበሩ የላይኛ ጠርዝ ላይ፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜና ሦስት ጊዜ የተቀባ ሦስት ክፍል ሥሩ። ሲደርቅ ውጭ አውጥታችሁ እዩት። ሱቅ ውስጥ ባለው መብራት የተመረጠ ቡናማ ደጅ ሲወጣ ሐምራዊ ሆኖ ያገኘሁበት ቀን አለ።

ከምትፈልጉት አንድ ደረጃ ፈዘዝ ያለውን ምረጡ። ይህን ብዙ ሰው አይነግራችሁም። ባለ ቀለም ዘይት በታደሰ ቁጥር ዱቄቱ ይከማቻል፤ በሩም እየጠቆረ ይሄዳል። ዛሬ በልኩ የጠቆረው ከሦስት እድሳት በኋላ የከሰል ማዳበሪያ ይመስላል። የሚፈልጉት መልክ በገበያ ላይ ከሌለ፣ የአንድ ፋብሪካ የአንድ ዓይነት ቅብ ሁለት ቀለም መቀላቀል ይቻላል። ልኩን ጻፉት።

6. በሩን ማዘጋጀት

አሮጌ ቅብ ካለው ፈትኑት። በምላጭ ኤክስ ምልክት ጫሩ፣ ፕላስተር ለጥፋችሁ በአንዴ ንቀሉት። ቅቡ አብሮ ከመጣ ሁሉም መነሳት አለበት። ካልመጣም፣ ዘይት ልትቀቡ ከሆነ መነሳቱ አይቀርም። ዘይት በቫርኒሽ ውስጥ አይሰርግም።

ስትፍቁ ጥንቃቄ ይኑራችሁ። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 90 እጅ፣ እንዳይበልጥ ደንብ ያወጣችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ በር እርሳስ ሊኖረው ይችላል ብላችሁ አስቡ። ውሃ እያስነካችሁ ፍቁ፣ ማስክ አድርጉ፣ ልጆችን ከአካባቢው አርቁ፣ ብናኙን ሰብስባችሁ አስወግዱ።

ብርጭቆ ወረቀት ከ80 ቁጥር ጀምራችሁ 120 ላይ አቁሙ። ሁልጊዜ የእንጨቱን መሥመር ተከትላችሁ። እስከ 240 መሄድ የሳሎን ጠረጴዛ ልማድ ነው። ውጭ ላይ በጣም የለሰለሰ እንጨት ቀዳዳው ይዘጋና ዘይት አይጠጣም። በአግድም የተፋቀ ጭረት ደግሞ ሳይቀባ አይታይም፤ ጠቆር ያለ ዘይት ሲነካው ግን በእስክርቢቶ የተጻፈ ይመስላል።

ስንጥቅና ቀዳዳ ላይ ስቱኮ የምትሞሉ ከሆነ ከቅቡ በኋላ አድርጉት፤ በቀለሙ ልክ አቅልማችሁ። ፊት የተሞላ ስቱኮ ዘይት ስለማይጠጣ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። መጋጠሚያው ላይ የፈሰሰ ኮላም እንዲሁ ነው። በረጠበ ጨርቅ ጠረግ ስታደርጉት ኮላው ያለበት ይለያል፤ ፍቁት።

7. መቀባት

ጊዜው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ እንጨቱ ከመስቀል ጀምሮ ደርቋል። የጥቅምት ሌሊት ግን ይበርዳል፣ ጤዛም አለ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አትጀምሩ፤ ከ9 ሰዓት በኋላ አትቀቡ። በሩ ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ጠዋት ሥሩት። ወደ ምሥራቅ ከሆነ ከቀትር በኋላ። ፀሐይ እየመታው ያለ እንጨት ውስጡ ያለው አየር ስለሚነፋ ቅቡን አረፋ ያደርገዋል።

ስንት ይበቃል? 90 ሴንቲ ሜትር በ2.10 የሆነ በር አንዱ ፊት ወደ 1.9 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሁለቱ ፊትና ጠርዙ ሲደመር 4 ካሬ። ሦስት ጊዜ ሲቀባ 12 ካሬ ማለት ነው። አንድ ሊትር እንደ እንጨቱ ከ10 እስከ 12 ካሬ ይሸፍናል። ስለዚህ ሊትር ከሩብ ያዙ፤ የሚተርፈው ለእድሳት ይሆናል።

ከመጀመራችሁ በፊት በሩ ፊት ያለውን መሬት ውሃ ርጩበት። አቧራው እንዲተኛ ነው። በሩን ከማጠፊያው አውርዱት፤ እጀታውንና ቁልፉንም ፍቱ።

መጀመሪያ የምትቀቡት ማንም የማያየውን ቦታ ነው፤ የበሩን የታች ጠርዝና የላይ ጠርዝ። የተቆረጠ የጣውላ ጫፍ ከጎኑ በብዙ እጥፍ ውሃ ይጠጣል፤ የተቆራረጠ ገለባ አድርጋችሁ አስቡት። የእኔ በር የተበላሸው ከዚያ ጀምሮ ነው። ሳወርደው የታችኛው ጠርዝ አንዴም ብሩሽ ነክቶት አያውቅም፤ ጥሬ እንጨት። እዚያ ላይ መጠጣት እስኪያቆም ድረስ ደጋግማችሁ አጠጡት። የውስጡን ፊትም አትዝለሉ። አንዱ ፊት ተቀብቶ ሌላው ከቀረ በሩ ይቆለምማል። ኖኅም መርከቡን የለቀለቃት በውስጥም በውጭም ነው።

ቆርቆሮውን ከሥሩ ጀምራችሁ በደንብ አማስሉ፤ በሥራ መሃልም ደጋግሙት። ዱቄቱ ስለሚዘቅጥ፣ ካላማሰላችሁ ላይኛው ፈዛዛ ታችኛው ጥቁር በር ታገኛላችሁ። የመጀመሪያውን ዙር የቆርቆሮው ጽሑፍ ከፈቀደ ከ10 እስከ 15 በመቶ አኳራጅ ጨምራችሁ አቅጥኑት። አንድ ሰሌዳ ከዳር እስከ ዳር ጨርሳችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ። መሃል ላይ ለቡና ከሄዳችሁ የቆማችሁበት መሥመር ሆኖ ይቀራል። (ቡናው ይቆይ።)

ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይታችሁ ያልጠጣውን ሁሉ በጨርቅ ጥረጉ። በጉጉት የምትዘሉት ይህን ነው። «ጥቁር እንዲሆን ልተወው» ያለ ሰው የሚለጠፍና የሚያብለጨልጭ ቁራጭ ያገኛል፤ ማለትም ልጣጭ። ጥቁረቱን ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ዙር ጠብቁት። በየመሃሉ አንድ ሙሉ ቀን ይደር። እጃችሁን ስታሳርፉበት የሚይዝ ከሆነ ሁለት ቀን።

8. ጨርቁን ጨምድዳችሁ አትጣሉ

ይህን ለብቻው የጻፍኩት እንዳይዘለል ነው። የሚደርቅ ዘይት የነካው ጨርቅ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል። ተጨምድዶ ጥግ ላይ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይጨምራል። ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ወይም ደጅ ገመድ ላይ ነጠላ አድርጋችሁ ዘርጉት። ደርቆ እንደ ቆዳ ሲገተር ጣሉት። ስቶር ውስጥ፣ ከሰል አጠገብ፣ የቆሻሻ ከረጢት ውስጥ በፍጹም አይሆንም።

9. እድሳት

በዓመት አንዴ፣ ከመስቀል በኋላ፣ በሩ ላይ በጣታችሁ ውሃ እርጩ። ጠብታው ተንከባልሎ ከወረደ ተዉት። ተዘርግቶ እንጨቱን ካጠቆረው ጊዜው ደርሷል። ጭቃው ከሚደርስበት መሥመር በላይና በታች ለየብቻ ፈትኑ። የእኔ በር ታችኛው ክፍል በየዓመቱ ይጠማል፤ ክፈፍ ሥር ያለው ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያል።

በለስላሳ ብሩሽና ትንሽ ሳሙና ባለበት ውሃ እጠቡት። ሁለት ቀን ይድረቅ። በ120 ቁጥር ወረቀት ለስም ያህል አሹት፣ አቧራውን ጥረጉ፣ አንድ ስስ ዙር ቀቡ፣ የተረፈውን ጥረጉ። በሩ በቂ ከጠቆረ ለዚህ ዙር ፈዘዝ ያለውን ቀለም ተጠቀሙ። የእኔ ባለፈው ጥቅምት ከቁርስ እስከ ምሳ አለቀ፤ በሩንም ከማጠፊያው አላወረድኩትም።

የተረፈውን ዘይት በግማሽ ባዶ ቆርቆሮ አታስቀምጡት፤ ውስጡ ባለው አየር ላዩ ይረጋል። ትንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልታችሁ ክደኑና ላዩ ላይ ጻፉበት። የእኔ ጠርሙስ ላይ «የደጅ በር፣ 2 እጅ ቡናማ፣ 1 እጅ ጥቁር፣ ከመቀባት በፊት ይማሰል» ይላል።